ሞራ ገላጩ ሜትር

የፋሲካ ማለዳ ነው። አራጁ በጉን ገፎ ሰቅሎታል። ሆዱን ከፈት ሲያደርገው ጨጓራውን እንደ ነጠላ ያለበሰ ነጭ መረብ ብቅ አለ፤ ሞራው ነው። አጎቴ ቀረብ አሉና ከሁለት ጫፉ ይዘው ወደ ፀሐይ ዘረጉት። በልጅነታቸው ሞራ ገላጭ አይተዋል፤ በታረደ በግ ሞራ ላይ የሚታየውን ሥርና ነጠብጣብ እያነበበ ዝናቡ ይጥል እንደሆነ፣ መንገደኛው በሰላም ይመለስ እንደሆነ የሚናገር ሰው። እሳቸው በዚህ አያምኑም፤ ማሾፍ ግን ይወዳሉ።

«ምን ይላል፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

ሞራውን አንዴ፣ እኔን አንዴ አዩ። «ይሄ በግ አታሎናል። ገበያ ላይ ወገቡን ስጨብጠው አጥንት ነበር፤ ላቱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ውስጡ ግን ሞራ በሞራ። ልክ እንዳንተ! እጅና እግርህ ክር፣ ሆድህ ቅል።»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ እየሳቅሁ ሸሚዜን ወደ ታች ሳብ አደረግሁ። ቀበቶዬ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ቀዳዳ መሸሹን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አጎቴ በቀልድ የተናገሩትን ነገር የሕክምና ሳይንስ ሰማንያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲያብላላው ኖሯል። የሰው ሞራም ይነበባል። ለማንበብ ደግሞ ማረድ አያስፈልግም፤ የልብስ ሰፊ ሜትርና ከላብራቶሪ ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ቁጥር ይበቃል። ችግሩ ያለው የንባቡን ሕግ ማን አወጣው የሚለው ላይ ነው።

ሚዛኑ ያላየው

በሳምንቱ አስፋልት ዳር ሚዛን ዘርግቶ ከተቀመጠ ልጅ ዘንድ ቆምኩ። አብሮ አደጌ አብሮኝ ነበር፤ ግንበኛ ነው፣ ትከሻው በር ይዘጋል። ሁለታችንም 1 ሜትር ከ70 ነን። እኔ 68 ኪሎ መዘንኩ፣ እሱ 80። ልጁ ሳንቲሙን ኪሱ ከትቶ ፍርዱን ሰጠ፦ «እርስዎ ልክ ነዎት፤ እሳቸው ግን ትንሽ ይቀንሱ።»

የልጁ ፍርድ ከብዙ ሐኪም ቤቶች ፍርድ አይለይም። ክብደትን በኪሎ ይዞ፣ ቁመትን በሜትር በራሱ አባዝቶ፣ አንዱን ለሌላው ማካፈል ነው፤ ቢኤምአይ የሚባለው። የእኔ 23.5 ይመጣል፣ የእሱ 27.7። ከ18.5 እስከ 25 ያለው ጤናማ፣ ከ25 በላይ ያለው ከመጠን ያለፈ ክብደት ይባላል። በዚህ ሚዛን ታማሚ ለመሆን የተቃረበው ግንበኛው ነው።

ስሌቱን በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው ቤልጂጋዊው አዶልፍ ኬትሌ የከዋክብትና የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበር። ሲፈልግ የነበረው «አማካዩ ሰው» ምን እንደሚመስል እንጂ ማን እንደሚታመም አልነበረም። ዛሬ የምናውቀውን ስም አሜሪካዊው አንሴል ኪስ እስኪሰጠው፣ በ1972፣ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ሚዛን ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ ስቡ የት እንደተቀመጠም አይናገርም። የግንበኛው 80 ኪሎ ሲሚንቶ ሲሸከም የኖረ ሥጋ ነው። የእኔ 68 ኪሎ ደግሞ ወንበር ላይ የዋለ ነው።

ጮማ፣ ላትና ሞራ

ስብ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ አራጅ ያውቃል። ከቆዳ ሥርና ከሥጋው ጋር ያለው ጮማ አለ፤ በጉ ለክፉ ቀን ጭራው ላይ ያጠራቀመው ላት አለ፤ አንጀትና ጨጓራን የሚያለብሰው ሞራ አለ። የሰው ልጅም እንዲሁ ነው። ዳሌና ጭን ላይ የሚቀመጠው ስብ እንደ ላት ነው፤ ጎተራ ነው፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚከማቸው ግን ሥራ የማይፈታ ስብ ነው።

ይህን ልዩነት በ1947 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያወጣው የማርሴዩ ፈረንሳዊ ሐኪም ዣን ቫግ ነው። ከወገብ በላይ የሚወፍሩትን ከወገብ በታች ከሚወፍሩት ለየና የስኳርና የደም ሥር በሽታ የሚበዛው በፊተኞቹ ላይ መሆኑን ተናገረ። በወቅቱ ብዙ ሰሚ አላገኘም። በ1988 የስታንፎርዱ ጄራልድ ሪቨን ከፍ ያለ ስኳር፣ ከፍ ያለ የደም ግፊት፣ ከፍ ያለ የደም ስብ (ትራይግሊሰራይድ) እና ዝቅ ያለ ኤችዲኤል («ደጉ» የሚባለው ኮሌስትሮል) አንድ ሰው ላይ አብረው የሚገኙት በአጋጣሚ እንዳልሆነ አስረዳ። የሁሉም ሥር ሰውነት የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን ለኢንሱሊን ጆሮ ዳባ ልበስ ማለቱ ነው አለ፤ ስሙንም «ሲንድረም ኤክስ» አለው። ሪቨን ራሱ የወገብን ልክ ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም ነበር፤ ሜትሩን ያስገቡት በኋላ የመጡት ናቸው። ዛሬ ሜታቦሊክ ሲንድረም ይባላል።

ሞራ ለምን ይከፋል? አንደኛው ምክንያት ጎረቤቱ ነው። ከሆድ ዕቃ የሚመለሰው ደም በአንድ ትልቅ ደም መልስ በኩል በቀጥታ ጉበት ይገባል። ከሞራው የሚለቀቀው ስብም ሌላውን አካል ሳይዞር ጉበት ላይ ይራገፋል። ጉበት ስብ ሲበዛበት ሁለት ነገር ያደርጋል። ኢንሱሊን «በቃ» እያለው ስኳር መልቀቁን ይቀጥላል፤ የተረፈውን ስብ ደግሞ ጠቅልሎ ወደ ደም ይልካል። በደም ውስጥ የሚዞረው ይህ ስብ ነው ትራይግሊሰራይድ የሚባለው። ትራይግሊሰራይድ የጫኑት ጥቅሎች ሲበዙ ከኤችዲኤል ጋር ጭነት ይለዋወጣሉ፤ ያልለመደውን ስብ የተሸከመው ኤችዲኤልም ቶሎ ፈርሶ ከደም ይወገዳል። ስለዚህ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ እንደ ሁለት የሚዛን ሳህን። ሁለተኛው ምክንያት፣ ስብ ሆድ ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ከቆዳ ሥር ያለው ጎተራ አልችል ሲል መሆኑ ነው። ሞራ መብዛቱ ጎተራው መሙላቱን ይናገራል።

ሲስተርና ሜትሯ

የራሴን ቁጥር ለማወቅ የሄድኩበት የመጀመሪያው ክሊኒክ ቁርስ መብላቴን ሳይጠይቅ ደሜን ቀዳ። ጨጨብሳ በልቼ ነበር። ውጤቱ ከፍ ሲል በጉን ልርገም ጨጨብሳውን ግራ ገባኝና ሌላ ቦታ እንደገና ሄድኩ። ምግብ ከተበላ በኋላ ትራይግሊሰራይድ ለሰዓታት ይጨምራል፤ ለዚህ ዓይነቱ ስሌት ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ መሄድ ይሻላል። ከበዓል ማግስት ባይሆን ደግሞ ይመረጣል፤ አረቄና ቢራም ያንረዋል።

ሁለተኛው ቦታ ያገኘኋት ሲስተር ከኪሷ ሜትር አወጣች። «ሱሪዬ 34 ነው» አልኳት ላሳጥርላት ብዬ። ሠላሳ አራት ኢንች 86 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው።

«ሱሪዎን የሚይዘው ከቦርጭዎ ሥር ነው፤ እኔ የምፈልገው ከፍ ብሎ ነው» አለችኝ። የመጨረሻውን የጎን አጥንት በጣቷ ፈለገች፤ ከዚያ የዳሌውን አጥንት ጫፍ፤ የሁለቱን መሐል ያዘችና ሜትሩን አዞረች። ሳላስበው ሆዴን ሳብኩ። «አይሳቡ። ይተንፍሱ… ያውጡት…» አየሩ ሲወጣ አነበበች፦ 95።

«ሲስተር፣ እኔ ኮ ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ ነው ፋሲካን የያዝኩት። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። ስቡ ከየት መጣ?»

«በቀን ስንት ሻይ ይጠጣሉ? በስንት ስኳር?»

አምስት ሻይ፣ በሦስት በሦስት ማንኪያ። አልመለስኩላትም፤ ፊቴ መለሰላት። ጉበት ስብ ለመሥራት ቅቤ አያስፈልገውም። ከሚፈለገው በላይ የገባ ስኳር፣ ዳቦ፣ ፓስታና አልኮል ካገኘ ራሱ ስብ አድርጎ ይጠቀልለዋል።

ውጤቴ በማግስቱ ደረሰ። ትራይግሊሰራይድ 210፣ ኤችዲኤል 35፣ በባዶ ሆድ ስኳር 104፤ ሁሉም በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር። ግንበኛው ጓደኛዬን ለምኜ አስመረመርኩት፤ ወገቡ 86፣ ትራይግሊሰራይዱ 90፣ ኤችዲኤሉ 50፣ ስኳሩ 88። የሚዛኑ ልጅ ፍርድ ተገለበጠ።

በ2009 እ.ኤ.አ. ታላላቅ የልብና የስኳር ተቋማት የተስማሙበት መለኪያ አምስት ነጥብ አለው፦ ሰፊ ወገብ፤ ትራይግሊሰራይድ 150ና ከዚያ በላይ፤ ኤችዲኤል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች፤ የደም ግፊት 130 በ85ና ከዚያ በላይ፤ በባዶ ሆድ ስኳር 100ና ከዚያ በላይ። ከአምስቱ ሦስት የያዘ ሜታቦሊክ ሲንድረም አለበት ይባላል። እኔ ወገቤን ሳልቆጥር ሦስት አለኝ። ግንበኛው ከተለካለት አንድም የለውም።

ወገብ ሲባዛ በስብ

ወገብን ብቻውን መለካት አንድ ጉድለት አለው። ሜትር ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ከሞራው አይለይም፤ ሁለቱንም አቅፎ ይለካል። ተመራማሪዎች ወገብን ከደም ስብ ጋር ማጋባት የጀመሩት ለዚህ ነው። ወገቡ ሰፍቶ ትራይግሊሰራይዱም ከጨመረ፣ ያ ስፋት ሞራ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

በ2000 እ.ኤ.አ. የካናዳ ኩቤክ ተመራማሪዎች ቀላሉን መንገድ አሳዩ፦ ወገቡ 90 ሳንቲ ሜትር የደረሰና ትራይግሊሰራይዱ 177 ግድም የሆነ ወንድ ይጠንቀቅ። ሁለት ቁጥር ብቻ። በ2005 አሜሪካዊው ሄንሪ ካን ሁለቱን አባዛቸው። ለወንድ ከወገብ ላይ 65 ይቀነሳል፣ ለሴት 58፤ እነዚህ እሱ በተጠቀመበት የአሜሪካ የሕዝብ ጥናት ውስጥ የተገኙት እጅግ ጠባብ የአዋቂ ወገቦች ናቸው። የቀረው በትራይግሊሰራይድ ይባዛል። የላብራቶሪ ወረቀታችን በሚሊ ግራም ስለሆነ አስቀድሞ ለ88.6 ማካፈል ያስፈልጋል። የእኔ፦ 95 ሲቀነስ 65፣ 30፤ 210 ለ88.6 ሲካፈል 2.37፤ ብዜቱ 71። የግንበኛው 21። ከሦስት እጥፍ በላይ እበልጠዋለሁ፣ እሱ በ12 ኪሎ በልጦኝ እያለ።

በ2010 ከጣሊያን ፓሌርሞ የመጣው ስሌት ወገብን፣ ቢኤምአይን፣ ትራይግሊሰራይድንና ኤችዲኤልን አንድ ላይ ይቀምማል፤ ጤነኛ የሆነ ሰው ወደ 1 እንዲጠጋ ተደርጎ የተቀመረ ነው። ግንበኛው 0.9 አመጣ። እኔ 3.8። የሜክሲኮ ሐኪሞች በ2008 ያወጡት ደግሞ ጭራሽ ሜትርም አይፈልግም። ትራይግሊሰራይድን በስኳር አባዝቶ፣ ለሁለት አካፍሎ፣ ሎጋሪዝሙን ይወስዳል። የእኔ 9.3፣ የእሱ 8.3። ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ሎጋሪዝም ስለሆነ ግን አንድ ቁጥር ወደ ሦስት እጥፍ ግድም ነው። የሜክሲኮዎቹ ሐሳብ ለእኛም ቅርብ ነው፦ ኢንሱሊንን በቀጥታ መለካት ውድ ነው፣ በየቦታውም አይገኝም፤ ስኳርና ትራይግሊሰራይድ ግን ብዙ ላብራቶሪ ይሠራቸዋል።

መስመሩን ማን አሰመረው?

ሞራ ገላጩ ስህተት የሚሠራው ሞራውን ሳያይ ቀርቶ ላይሆን ይችላል፤ የሌላ አገር ሕግ ይዞ ሲያነብ ነው እንበል። ሜትሩም እንዲሁ ነው። «ሰፊ ወገብ» ከስንት ይጀምራል? በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ለወንድ ከ102፣ ለሴት ከ88 በላይ አለ። በ2005 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ለአውሮፓውያን 94ና 80 ሲያደርገው፣ ለደቡብ እስያ ወንዶች ወደ 90 ዝቅ አደረገው። ከሰሃራ በታች ላለን አፍሪካውያንስ? የራሳችሁ ጥናት እስኪገኝ የአውሮፓውያኑን ተጠቀሙ ተባለ።

የዚህ ትርጉም በአዲስ አበባ ታይቷል። በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የከተማዋ የባንክ ሠራተኞችና መምህራን ተለክተው ነበር። በአሜሪካው መመሪያ ከመቶ 12.5ቱ ሜታቦሊክ ሲንድረም ተገኘባቸው። በፌዴሬሽኑ መመሪያ 17.9 ሆኑ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ደማቸውም ያው ነው። የተቀየረው መመሪያው ነው።

በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የራሳችንን መስመር ለማስመር ሞከረ። የዩኒቨርሲቲውን ሠራተኞች የሰውነት ስብ በልዩ መሣሪያ ለክቶ ከወገባቸው ጋር አስተያየና፣ የተሻለው መለያ ለወንድ 84 ግድም፣ ለሴት 78 ነው አለ። የእኔን 95 እንውሰድ። በአሜሪካው መስመር ነፃ ነኝ፤ በአውሮፓው በአንድ ሳንቲ ሜትር ተይዣለሁ፤ በጅማው በ11። ግንበኛውም በጅማው መስመር በ2 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። መስመር ዝቅ ሲል ያመለጡት ይያዛሉ፤ ጤነኛውም አብሮ ይደነግጣል። የደሙ ቁጥር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ የግንበኛውን ድንጋጤ ያበረደው የትራይግሊሰራይዱ 90 ነው።

መስመሩ ዝቅ ማለት እንዳለበት ከእስራኤልም ምልክት አለ። በ1984 እና 85 እ.ኤ.አ. በሙሴ ዘመቻ ወደዚያ የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ አገራቸው ሳሉ ስኳር በሽታን እምብዛም አያውቁትም ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቆዩ በወጣቶቻቸው ላይ ሳይቀር በዝቶ ተገኘ። ኋላ የመጡ ጥናቶችም ከሌላው የአገሩ ሕዝብ በለጋ ዕድሜና በዝቅተኛ ክብደት እንደሚይዛቸው አሳይተዋል። ሚዛን ላይ ቀጭን የሆነ ሰው ውስጡ ቀጭን ላይሆን ይችላል፤ እንደ ፋሲካው በግ።

ታላቅ እህቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። ይህን ሁሉ በስልክ ስተርክላት የራሷን ውጤት ከስልኳ ላይ አነበበችልኝ። ወገብ 92። በባዶ ሆድ ስኳር 118። ትራይግሊሰራይድ 95።

«ስቡ ድንቅ ነው ብለውኛል» አለች። «እንዳንተ አይደለሁም።»

«ስኳሩስ?»

ዝም አለች። 118 የስኳር በሽታ ደጃፍ ነው፤ 126 በር ነው።

ከእህቴ ቤት ብዙም በማይርቀው ቤተስዳ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ አን ሳምነር የምትባል ሐኪም ይህንኑ እንቆቅልሽ ለዓመታት ተከታትላዋለች። ከምዕራብ፣ ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አፍሪካ ሄደው በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ሰዎችንም አጥንታለች። ያገኘችው ነገር የእኔን የስሌት ደስታ ቀነሰው። በብዙ አፍሪካውያን ላይ ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ እያለም ትራይግሊሰራይድ ላይጨምር ይችላል። የሚሰጠው ማብራሪያ፣ ከደም ሥር ግድግዳ ላይ ሆኖ ትራይግሊሰራይድን የሚያጸዳው ኢንዛይም በሌሎች ላይ ሲዳከም በእነሱ ላይ ብዙም ሳይዳከም መቆየቱ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ትራይግሊሰራይድ ያለው አፍሪካዊ ማስጠንቀቂያውን በቁም ነገር ይውሰድ፤ ዝቅ ያለ ትራይግሊሰራይድ ያለው ግን ነፃ ወጣሁ አይበል። ለእህቴ የተናገሩት ወገቧና ስኳሯ ናቸው፤ ስቧ ዝም ብሏል።

ኤችዲኤልም የራሱ ጣጣ አለው። በ2015 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ ዳሰሳ ከግማሽ በላይ አዋቂዎች ኤችዲኤላቸው ከመስመሩ በታች ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ብዛት ውስጥ ቦርጭ ያለውም የሌለውም፣ ገበሬው ሳይቀር፣ ይገኝበታል። ኤችዲኤል የሚገባበት ስሌት ሁሉ እኛ ጋ ሲመጣ በጥንቃቄ ቢነበብ ይሻላል።

የበጉ ገመድ

ስሌቶቹ ትንበያ ናቸው እንጂ የበሽታ ምስክር ወረቀት አይደሉም። ትራይግሊሰራይድ ከቀን ቀን ይዋዥቃል፤ ነፍሰ ጡር ላይ ከፍ ይላል፤ ሆድ ያበጠበት ምክንያት ስብ ሳይሆን ጉበት ሲታመም የሚጠራቀም ውሃ ሊሆን ይችላል። ስኳር ያለበትን ሰው የሚያረጋግጠው የስኳር ምርመራ ነው። ሞራን ከሌሎቹ ስቦች የሚለየው ደግ ነገር ደግሞ አለ፦ ከመጡበት ቶሎ ይሸሻል። ሰው ጥቂት ኪሎ ሲቀንስ ከሞራው የሚሄደው ድርሻ ከቆዳ ሥር ካለው ይበልጣል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ትንሹ ልክ፣ ሚዛን ባያንቀሳቅስም ቀበቶ ያንቀሳቅሳል።

እኔ ሻዬን ያለ ስኳር ለመድኩ፤ መጀመሪያ ሣር ሣር አለኝ። ከቢሮ ቤቴ በእግሬ እሄዳለሁ። በእንቁጣጣሽ ሚዛን ላይ ስወጣ የቀነስኩት ሁለት ኪሎ ብቻ ነበር። ወገቤ ግን 89 ገብቷል።

የእንቁጣጣሽ በግ ከተሰቀለ በኋላ ገመዱ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። አንስቼ ከእግሬ ተረከዝ እስከ አናቴ ለካሁትና ያዝኩት፤ ከዚያ ለሁለት አጠፍኩት። የብሪታንያ የጤና መመሪያ በ2022 እ.ኤ.አ. ለሕዝቡ የሰጠው ምክር ይኸው ነው፦ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ አይብለጥ። ሜትር የሌለው በገመድ ይሞክረዋል። የታጠፈውን ገመድ በወገቤ አዞርኩት። ሁለቱ ጫፎች ለመገናኘት ሁለት ጣት ቀራቸው። በፋሲካ ቢሆን ኖሮ አራት አምስት ጣት ነበር።

አጎቴ ከወንበራቸው ተነሡ። «ምን እየሠራህ ነው አንተ? አምጣው እስቲ።» የእሳቸውም እጅና እግር ክር ነው፤ ጋቢያቸው ግን ብዙ ይሸፍናል። ጋቢውን አወለቁ፣ ቁመታቸውን ለካሁ፣ ገመዱን አጠፍኩ፣ አዞርኩት። የጎደለው አንድ ስንዝር ሊሆን ምንም አልቀረው።

ያልተሸፈነውን ቦታ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ከአራጁ በስተቀኝ ሞራው እንደ ነጠላ ተሰጥቶ ያብረቀርቃል፤ ዛሬ ግን ወደ እሱ አላዩም።

«ይኼስ ምን ይላል?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው።

«ሰኞ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ አብረን እንሂድ ይላል፣ ጋሼ።»